ኦርኪዱን ማን አሳደገው

«እኔ ነኝ የምንከባከበው፣ ጌታዬ» ስትል ጸሐፊዋን ሰማቻት። «ጠዋት ጠዋት ቀደም ብዬ እየገባሁ፣ ትንሽ ትንሽ።»

እትዬ ከሥራ አስኪያጁ በር አንድ እርምጃ ርቃ፣ መወልወያውን ባልዲ ውስጥ እንደነከረች ቀረች። በሩ ገርበብ ብሏል። ሥራ አስኪያጁ ሳቅ ሳቅ ብሏቸዋል፤ ዓመት ከመንፈቅ ሞቷል ተብሎ የተረሳው ኦርኪዳቸው ሰኞ ጠዋት ቢሯቸውን ሲከፍቱ አምስት አበባ ፈንድቶበት፣ አራት እንቡጥ ቋጥሮ፣ መስኮታቸው ሥር ቆሞ ጠበቃቸው። ነጭ ነው፤ መሃሉ ላይ ብቻ ወይን ጠጅ ነጠብጣብ አለው። እሳቸውም ይህን ማን እንዳደረገ ጠየቁ፤ ጸሐፊያቸውም መለሰችላቸው። «እንዲያውም ጥሩ ሆነ» አሉ ቀጥለው። «አስተዳደሩ ለተክሎቹ አንድ ሰው እናስቀር እያለ ይነዘንዘኛል። አንቺ እያለሽልኝ ሌላ ሰው ምን ያደርግልናል?» እዚህ ላይ ጸሐፊዋ አንድ ነገር ማለት ነበረባት። እትዬ ጠበቀች። ሰው ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር አስሮ ቀና እስኪል ያህል ጊዜ አለፈ። ከዚያ «እሺ ጌታዬ» የሚል ድምፅ መጣ፤ ቀጥሎም የታኮ ጫማ ኳኳታ።

እትዬ ቆሽቷ አረረ። ይህን ያለችው ሌላ ጸሐፊ ብትሆን ኖሮ በሆዷ ረግማት ወደ ወለሏ ትመለስ ነበር፤ የሰው ሥራ የራስ አድርጎ ማውራት በዚህ ሕንፃ ውስጥ አዲስ ነገር አይደለም። ይቺ ጸሐፊ ግን የወንድሟ ልጅ ናት። በአራት ዓመቷ ከአንድ ፌስታል ልብስ ጋር ተረክባ ያሳደገቻት፣ ዛሬ ጠዋት ሸሚዟን ተኩሳ ያለበሰቻት፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ከአንድ በር አብራት የወጣች ልጅ። ሕንፃው ውስጥ ዝምድናቸውን የሚያውቅ ሰው የለም። የዛሬ ሁለት ዓመት ልጅቷ የተቀጠረች ሰሞን፣ የቅጥር ማስታወቂያው መለጠፉን አይታ የነገረቻት ራሷ እትዬ ሆና ሳለ፣ «እቴቴ፣ እዚያ ባንተዋወቅ ይሻላል፤ በዘመድ ገባች ይሉኛል» አለቻት። ለእትዬም ነገሩ ልክ መስሎ ታያት። መጀመሪያ ሰሞን ጨዋታ ነበር። ሊፍት ውስጥ ሲገናኙ «እንደምን አደሩ?» «ደህና፣ የኔ ልጅ» ተባብለው፣ ማታ ቤት ሲገቡ እንባቸው እስኪመጣ ይስቁ ነበር። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። ሳቁ መቼ እንደቆመ ሁለቱም አያውቁትም። አሁን ታክሲ ውስጥ አንዷ ከፊት አንዷ ከኋላ ይቀመጣሉ፤ ልጅቷ አንድ ፌርማታ ቀድማ ወርዳ የቀረውን በእግሯ ትመጣለች፤ ሊፍት ውስጥ ሰላምታውም ቀርቷል።

ቢሆንም ያለፈው ሳምንት ነገር ከዚህ ሁሉ የተለየ ነበር። የአስተዳደር ኃላፊው ሰባቱን የጽዳት ሠራተኞች ምድር ቤት ሰብስቦ፣ ከመጪው ወር ጀምሮ ጽዳቱን ኤጀንሲ እንደሚረከበው ነግሯቸዋል። መቅረት የሚችለው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ በአምስቱ ፎቅ ላይ ያሉትን አርባ ሦስት የአበባ መትከያዎች የሚይዝ ሰው፤ እሱም ሥራ አስኪያጁ ያስፈልጋል ካሉ። እትዬ ለጡረታ የቀራት አራት ዓመት ነው። ኤጀንሲዎቹ ደግሞ ከአርባ ዓመት በላይ የሆነች ሴት ወገቧን እንጂ ልምዷን አያዩላትም። ተክሎቹን የያዘችው እሷ እንደሆነች ጥበቃው ያውቃል፣ ሾፌሮቹ ያውቃሉ፣ ፖስታ አመላላሹ ያውቃል፤ የማያውቁት የሚወስኑት ሰዎች ብቻ ናቸው። ስለዚህ ሐሙስ ማታ፣ ልጅቷ ጥፍሯን እየቀባች ሳለ፣ እትዬ ያሰበችውን ነገረቻት። ዓርብ ሰው ሁሉ ሲወጣ ኦርኪዱን መስኮታቸው ሥር አስቀምጥላቸዋለሁ፤ ሰኞ ማን እንዳደረገው መጠየቃቸው አይቀርም፤ ሲጠይቁሽ ንገሪያቸው። «አክስቴ ናት በይ አላልኩሽም» አለቻት። «የጽዳት ሠራተኛዋ ናት በይልኝ፣ ይበቃኛል።» ልጅቷም ከጥፍሯ ቀና ሳትል «እሺ እቴቴ» አለች። ያንኑ «እሺ» ነው ዛሬ ለሥራ አስኪያጁ የሰጠቻቸው።

የኦርኪዱን ነገር ማንም ጠይቋት አያውቅም እንጂ ብትጠየቅ የምትናገረው ሞልቷት ነበር። ለሥራ አስኪያጁ በስጦታ የመጣ ተክል ነው፤ ዋጋው የተጻፈበት ወረቀት ከላዩ ሳይነሳ መጥቶ ስለነበር የእሷን ግማሽ ወር ደሞዝ እንደሚያክል አይታለች። በሁለት ወሩ አበባው ሲረግፍ ሞተ ተባለና ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ተዘቅዝቆ አገኘችው። አልሞተም ነበር። ኦርኪድ አበባውን ሲጨርስ ያርፋል። ሥሩን ያበሰበሱት ላይ ላዩን በየቀኑ ውሃ ያንቆረቆሩበት ሰዎች ናቸው፤ ደግነት መስሏቸው። እትዬ በወጣትነቷ አሥራ አንድ ዓመት የአበባ እርሻ ላይ ሠርታለች፤ ከእርሻው የተረፋት ሁለት የተቆረሰ ጥፍርና ይህ እውቀት ነው። ተክሉን ወደ አራተኛ ፎቅ መጨረሻ፣ መወልወያና ሳሙና ወደሚቀመጥበት ስቶር ወሰደችው። የበሰበሰውን ሥር በምላጭ ቆርጣ፣ ቁስሉ ላይ የቀረፋ ዱቄት ነስንሳ፣ አፈሩን ጥላ በዛፍ ቅርፊት ስብርባሪ ተከለችው፤ አፈር ውስጥ ሥሩ ትንፋሽ ያጥረዋል። በየስምንት ቀኑ ሩብ ሰዓት ባልዲ ውስጥ እየነከረች፣ ጠብታው እስኪያልቅ አንጠፍጥፋ ትመልሰዋለች። ሥሩ አረንጓዴ ከሆነ ጠጥቷል፤ አመድ ከመሰለ ጠምቶታል። የስቶሩ መስኮት አንዱ መስታወት ከተሰበረ ቆይቷል፤ በዚያ ቀዳዳ ሌሊት ሌሊት የሚገባውን ቀዝቃዛ አየር ሆን ብላ አልደፈነችውም፤ ብርድ ቢጤ ካልነካው ይሄ ተክል አበባ አያስብም። ከቅጠሎቹ ሥር የወጣችው ጫፍ ሥር ትሁን የአበባ ዘንግ ለማወቅ ለሦስት ሳምንት ስትጠባበቅ ቆይታ፣ ዘንግ መሆኗን ባየች ቀን ወደ ቤት ስትሄድ አንድ ኪሎ ብርቱካን ገዝታ ገባች። ልጅቷ ምን ተገኝቶ ነው ብላ ጠየቀቻት፤ ስትነግራት «ለአበባ?» ብላ ሳቀች፤ ብርቱካኑን ግን በላች።

አራት ሰዓት ላይ ሽቦ የሚሏት ሴት የስቶሩን በር በትከሻዋ ከፍታ ገባች። ሁለተኛ ፎቅን የምትይዘው የጽዳት ባልደረባዋ ናት፤ ሽቦ ያሏት ለቅጥነቷ ነው፤ ምላሷ ግን እንደ ሰውነቷ አይቀጥንም። ባልዲ ገልብጣ ተቀመጠችና ጫማዋን አወለቀች። እሷም ከሚሰናበቱት አንዷ ናት፤ ግን ሦስት ወንድ ልጆች አሏትና ቢያንስ አንዱ አይጥለኝም ብላ ተስፋ አድርጋለች። እትዬ አንዱን የሳሙና ጠርሙስ ወደ ሌላው መገልበጥ ቀጠለች። ጠርሙሱ ሞልቶ እጇ ላይ ፈሰሰ፤ አላየችውም።

«ሰማሽ ጉዱን?» አለች ሽቦ። «ያቺ ጸሐፊ ኦርኪዱን ያሳደግኩት እኔ ነኝ ብላለች አሉ። የምትጠጣውን ውሃ እንኳ በሰው የምታስቀዳ ልጅ።»

«ተያት።»

«ምን እተዋታለሁ። አሳዳጊ የበደላት ባትሆን እንዲህ አትሆንም። ያሳደጋትን ሰው አምጥተው ባሳዩኝና ፊቱን ባየሁት።»

እትዬ ፊቷን ወደ መደርደሪያው አዞረች። ልጅቷን ልትረግማት ከጠዋት ጀምሮ አፏ ላይ የቆየ ነገር ነበራት፤ ሽቦ ስትጀምርላት ግን አንገቷን ልታንቃት ደረሰች። ለእኔ ልጅ ስድብ ካስፈለገ እኔ እሰድባታለሁ፣ አንቺ ማን ነሽ፣ ማለት አማራት። ማለት አትችልም። ዝም ማለት በቃል ኪዳን የገባችበት ሥራ ሆኗል፤ የማይከፈልበት ሥራ። ከሁሉ በላይ ያናደዳት ደግሞ ይኸው ነው፤ ልጅቷ ኦርኪዱን ብቻ ሳይሆን የምትቆጣበትንም አፍ ወስዳባታለች። ሽቦ ጫማዋን አጥልቃ፣ «አንቺ ደግሞ ደግነትሽ ይገድልሻል» ብላ ወጣች። ደግነት አልነበረም።

ከሽቦ መውጣት በኋላ ብዙም ሳይቆይ በሩ ቀስ ብሎ ተንኳኳ። የጽዳት ስቶር በር አንኳኩቶ የሚገባ ሰው የለም። ልጅቷ ነች። ሁለት ዓመት ሙሉ እግሯን አሳርፋበት የማታውቀው ክፍል ውስጥ ገብታ በሩን በጀርባዋ ዘጋች፤ ጉርድ ቀሚሷ ባልዲ እንዳይነካ በሁለት ጣቷ ሰብስባለች። ክፍሉ ሦስት እርምጃ በሁለት ነው፤ ሁለት ሰው ሲቆምበት ትንፋሽ ለትንፋሽ ነው። የሳሙናው ሽታ ከልጅቷ ሽቶ ጋር ተቀላቀለ። ልጅቷ መጀመሪያ መስኮቱን አየች፣ ቀጥላ ኦርኪዱ ዓመት ከመንፈቅ የቆመበትን፣ አሁን ክብ የውሃ ምልክት የቀረበትን መደርደሪያ አየች፣ መጨረሻ ላይ አክስቷን።

«እቴቴ፣ ስሚኝ። አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባል የለ? ድንገት ጠየቁኝ፤ ሳላስበው አፌ ላይ መጣ።»

«ስትጨምሪበትም ሰምቻለሁ። ጠዋት ጠዋት ቀደም ብዬ እየገባሁ።»

 ልጅቷ በልጅነቷ የተቀደደ ደብተር ደብቃ ስትያዝ እንደምታደርገው፣ የታችኛውን ከንፈሯን ወደ ውስጥ ሰበሰበች። አስተካክለዋለሁ አለች። ዛሬ አይሆንም እንጂ ጊዜ ጠብቄ እነግራቸዋለሁ አለች። የዛሬው ችግር ሌላ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የቦርድ ሰብሳቢዋ ይመጣሉ፤ ሴትዮዋ ቤታቸው ውስጥ ኦርኪድ የሚያሳድጉ ናቸው፤ ሥራ አስኪያጁም «የኛ ጸሐፊ ያሳደገችውን ላሳይዎት» ብለው በስልክ ነግረዋቸዋል። ስለዚህ፣ አለች ልጅቷ፣ ከኪሷ ትንሽ ወረቀትና እስክሪብቶ አወጣች፤ ስለዚህ በስንት ቀኑ ነው ውሃ የሚጠጣው?

እትዬ ወረቀቱን አየችው። ከዚያ ልጅቷን አየቻት፤ ቀልድ ይሆን እንደሆነ ብላ ፊቷን ፈተሸች። ቀልድ አልነበረም። ልጅቷ እስክሪብቶዋን ከፍታ ትጠብቃለች። እትዬ ደሟ ፈላ። ሥራዬን ወሰድሽ፣ ደግሞ እንዴት እንደወሰድሽው አስረጂኝ ልትዪኝ መጣሽ? ይህን ልትል አፏን ስትከፍት ሌላ ነገር ታሰባት። ካልነገረቻት ልጅቷ ነገ ጠዋት ላዩ ላይ አንድ ብርጭቆ ውሃ ታፈስበታለች፤ ከነገ ወዲያም እንዲሁ፤ በወሩ ሥሩ እንደገና ይበሰብሳል። ተክሉ ምን አደረገ? የሰውን ጥፋት በተክል መወጣት የማይገባ ሆኖ ታያት። ስለዚህ ድምፅዋን ሳትቀይር ነገረቻት፤ በየስምንት ቀኑ፣ ሩብ ሰዓት መንከር፣ ቅጠሉ መሃል ውሃ እንዳይቀር፣ ቀጥታ ፀሐይ እንዳይነካው፣ እንቡጥ ሲይዝ ወዲያ ወዲህ እንዳይዞር። ልጅቷ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ጻፈች። የሦስተኛ ክፍል ፈተና ስታስጠናት እንዲሁ ነበር የምትጽፈው፤ የተነገራትን ሁሉ፣ ምንም ሳትጠይቅ፣ በሚያምር ጽሕፈት። ስትጨርስ ወረቀቱን አጥፋ «አንቺ ባትኖሪ ምን እሆን ነበር» አለች፤ ኮሪደሩ ላይ ሰው አለመኖሩን በበሩ ስንጥቅ አይታ ወጣች።

ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ሲል እትዬ የስብሰባ ክፍሉን እንድታሰናዳ ተጠራች። ረጅም ጠረጴዛ፣ አሥራ ሁለት ወንበር፣ ጥግ ላይ የማይሠራ ሰዓት። ብርጭቆዎቹን ደርድራ፣ የውሃ ጠርሙሶቹን ልታመጣ ወረደች። ስትመለስ እንግዳዋ ቀድመው ገብተዋል። ፀጉራቸው የሸበተ፣ ጠፍጣፋ ጫማ ያደረጉ፣ ቦርሳቸውን ወለል ላይ ያስቀመጡ ሴትዮ ናቸው፤ እንደ ትልቅ ሰው አልተቀመጡም፤ ከቢሮው መጥቶ ጠረጴዛው ላይ በተቀመጠው ኦርኪድ ላይ ጎንበስ ብለው ቆመዋል። ሥራ አስኪያጁ እጃቸውን አጣምረው ፈገግ ብለዋል። ልጅቷ መሃል ላይ ቆማ ወረቀቱን በቃሏ እየተወጣች ነው። በየስምንት ቀኑ፣ ሩብ ሰዓት፣ ቅጠሉ መሃል ውሃ እንዳይቀር። አንድም ነገር አልሳተችም። ሴትዮዋ ጭንቅላታቸውን እየነቀነቁ «ጎሽ፣ ጎሽ» ይላሉ። እትዬ ጠርሙሶቹን ይዛ በሩ ላይ ቆማ የራሷን ቃል ከሌላ ሰው አፍ ሰማች። ልጅቷ ጎበዝ መሆኗ አልቀረም፤ ያናድዳል።

ያኔ ነው ሳህኑን ያየችው። አንድ ሰው ጠረጴዛው እንዲያምር ብሎ የበሰለ ሙዝና ማንጎ በትልቅ ሳህን ሞልቶ፣ ከኦርኪዱ ጋር አጠጋግቶ አስቀምጦታል፤ አራቱ እንቡጦች ሙዙ ላይ ተደፍተዋል። ወረቀቱ ላይ ይህ አልነበረም፤ ለማን ይታሰባል? እትዬ ምንም አላሰበችም። እንግዳም፣ ሥራ አስኪያጅም፣ ልጅም መኖሩን ረስታ ጠርሙሶቹን ወንበር ላይ አስቀምጣ፣ በትልልቅ ሰዎች መሃል እጇን አሻግራ፣ የፍራፍሬውን ሳህን አንስታ ክፍሉ ጥግ ድረስ ወሰደችው። ሥራ አስኪያጁ ፊታቸው ተኮሳተረ። ሰው እያወራ መሃል መግባት ምን ማለት ነው የሚል ነገር ሊናገሩ ሲሉ እንግዳዋ እጃቸውን አነሱ።

«ለምን አነሳሽው፣ እህቴ?»

«የበሰለ ፍራፍሬ አጠገቡ ካደረ እንቡጡን ያረግፈዋል» አለች እትዬ። «በተለይ ሙዝ። ሁለት ቀን አይፈጅበትም።»

እንግዳዋ ቀና አሉ። ኦርኪዱን ትተው እሷን ማየት ጀመሩ፤ ጋዋኗን፣ በሳሙና የተላጡ ጣቶቿን፣ ሁለቱን የተቆረሱ ጥፍሮች። የተቆረጠው ሥር ላይ ምን እንዳደረገች ጠየቋት፤ ነገረቻቸው። ሌሊት የት እንደሚያድር ጠየቋት፤ የተሰበረውን መስታወት ነገረቻቸው፤ ሴትዮዋ ሳቁ። ይህ ሁሉ ሲሆን ጸሐፊዋ ቆማለች። ሥራ አስኪያጁ አንዴ ወደ ጸሐፊያቸው፣ አንዴ ወደ ጽዳት ሠራተኛዋ እያዩ ፊታቸው ቀስ በቀስ ይከብድ ጀመር። «ይህቺን ሴት እንዳትለቋት» አሏቸው እንግዳዋ። «እኔ እንዲህ ያለ እጅ ስንት ዓመት ፈልጌያለሁ።» ሥራ አስኪያጁም እንዴት ብለን፣ እንዲያውም ለተክሎቹ አንድ ሰው ልናስቀር ወስነናል አሉ። ሲወስኑ ማንም አላያቸውም፤ ግን ተወሰነ። ለጡረታ የቀሩት የእትዬ አራት ዓመታት በአንድ ሳህን ሙዝ ተመለሱላት።

እንግዳዋ ክፉ ሴት አልነበሩም። ጸሐፊዋ እንዳታፍር ብለው ወደ እሷ ዞር አሉና «አንቺም ከእሷ ተምረሽ ነዋ፤ መማር ጥሩ ነው» አሏት። ከዚያ ሁለቱን ጎን ለጎን እያዩ ዓይናቸውን ጠበብ አደረጉ። «ግንባራችሁ ቁርጥ አንድ ነው። ትዛመዳላችሁ እንዴ?»

እትዬ አንገቷን ወደ ልጅቷ አላዞረችም። ግን ጠበቀች። ሥራው ተገኝቷል፣ ውሸቱ ተገልጧል፣ ከዚህ ወዲያ ልጅቷ የምትጠብቀው አንድም ክብር የለም፤ እንግዲህ ቀላል ነው፣ «አዎ፣ አክስቴ ናት» ማለት ብቻ። ይህን ብትል የጠዋቱን ሁሉ እተውላታለሁ ብላ በልቧ ተስማማች። ልጅቷ ሳቀች። ከዚህ በፊት እትዬ ሰምታው የማታውቀው፣ ለሥራ ቦታ ብቻ የተበጀ ቀጭን ሳቅ ነው።

«ኧረ አንዛመድም» አለች። «የጽዳት ሠራተኛ ናቸው። እኔም በደንብ አላውቃቸውም።»

ካፈርኩ አይመልሰኝ ማለት ይህ ነው። እንግዳዋ «እሺ፣ ሰው ይመሳሰላል» ብለው ወደ ወንበራቸው ሄዱ። እትዬ ውሃውን ቀዳች። ሦስት ብርጭቆ፣ አንድ ጠብታ ሳታፈስ፤ የልጅቷን ብርጭቆም እኩል ሞላችላት። ሐሙስ ማታ «የጽዳት ሠራተኛዋ ናት በይልኝ፣ ይበቃኛል» ያለችው እሷው ናት፤ አሁን ተባለላት፤ እንደማይበቃ ያወቀችው ስትሰማው ነው። ኮሪደር ላይ ወጥታ ግድግዳ ተደገፈች። አላለቀሰችም። ንዴቱ ከእንባው ቀድሞ መንገዱን ይዞበታል። ሃያ ዓመት ስታጎርስ የኖረች እጇን አየችው፤ እንደ ሌላ ሰው እጅ ሆኖ ታያት።

አሥር ሰዓት ተኩል ላይ የአስተዳደር ኃላፊው አስጠራት። ቢሮው ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ጠባብ፣ ፋይል የሞላበት፣ መስኮቱ የጎረቤት ሕንፃ ግድግዳ የሚያይ። ኃላፊው ቁና ቁና የሚተነፍስ፣ ቅን ሰው ነው። «እንኳን ደስ አለሽ፣ እትዬ፤ ከዛሬ ጀምሮ የተክል እንክብካቤ ሠራተኛ ነሽ» አላት። አዲስ ቅጽ መሞላት አለበት፤ የሱ ቢሮ ኮምፒዩተር ላይ የምትሠራዋ ሠራተኛ ፈቃድ ላይ ስለሆነች ከላይ ሰው አስልኮ አስመጥቷል። ኮምፒዩተሩ ፊት ለፊት የተቀመጠችው የወንድሟ ልጅ ነች። ዓይኗን ከስክሪኑ አላነሳችም። ኃላፊው እየጠየቀ፣ እትዬ እየመለሰች፣ ልጅቷ እየጻፈች ሄዱ። ሙሉ ስም። የልደት ዘመን። የመኖሪያ አድራሻ፤ እዚህ ላይ ልጅቷ እትዬ ተናግራ ሳትጨርስ የቤት ቁጥሩን ጻፈችው፤ ኃላፊው አላስተዋለም። የጋብቻ ሁኔታ። የአገልግሎት ዘመን፣ ዘጠኝ ዓመት።

«የቅርብ ዘመድ» አለ ኃላፊው። «ድንገት ቢያምሽ፣ ብትወድቂ፣ የምንጠራው ሰው። ማን እንበል?»

 እትዬ ልጅቷን ቀጥ ብላ አየቻት። ጣቶቿ ቁልፎቹ ላይ ቆመዋል፤ ሐሙስ ማታ የቀባችው ጥፍር ጫፍ ጫፉ ተልጧል። እትዬ ጊዜ ሰጠቻት። ታች መንገዱ ላይ አንድ መኪና ጥሩንባውን ደጋግሞ ነፋ፣ ተወው። ኃላፊው እስክሪብቶውን አገላበጠ።

«አንዲት የወንድም ልጅ ነበረችኝ» አለች እትዬ።

ኃላፊው መነጽሩን አወለቀ። «ነፍስ ይማር። አላወቅኩም ነበር። ቆየች?»

«አልሞተችም። ትልቅ ሰው ሆነች።»

ኃላፊው ቀልድ መስሎት ፈገግ ሊል ጀመረ፤ የእትዬን ፊት ሲያይ ፈገግታውን መለሰው።  «ታዲያ ምን ብለን እንሙላው? ባዶ መተው አይቻልም፤ ማሽኑ አያሳልፈንም።»

«ጸሐፊዋ ትሙላው» አለች እትዬ። «እንደሚመቻት አድርጋ።»

ልጅቷ ጆሮዎቿ ጋሉ።  ኃላፊው ወደ እሷ ዞሮ ይጠብቃል። እትዬም ትጠብቃለች፤ እንደ ጠዋቱ ከበር ውጭ ሆና ሳይሆን፣ አንድ ክንድ ርቀት ላይ፣ ፊት ለፊት ተቀምጣ። ከዚያ የልጅቷ ጣቶች ተንቀሳቀሱ። ብዙ አልጻፈችም። ማተሚያው ጥቂት አቃስቶ ወረቀቱን አወጣው፤ ልጅቷ ሳታነበው ለኃላፊው አቀበለች፤ እሱም ለእትዬ።

እትዬ ጣቷን ከመስመር መስመር እያስኬደች አነበበች። ስሟ ልክ ነው። ዕድሜዋ ልክ ነው። የሥራ መደብ፦ የተክል እንክብካቤ ሠራተኛ። የቅርብ ዘመድ፦ የለም። ልጅቷ እስክሪብቶዋን ዘረጋችላት። እትዬ አልተቀበለቻትም፤ ከኃላፊው ጠረጴዛ ላይ ሌላ አንስታ ፈረመች።